የራጃ ሥዕል

ለይላ ወሬውን የሰማችው ከጣውላው ማዶ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ፣ በዚያ ግርግር በማያጣው የገበያ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሱቆች አልጋ ቢዘረጋባቸው መቆሚያ የማይተርፋቸው ጠባቦች ናቸው፤ የሚለያቸውም ስስ ጣውላ ስለሆነ በአንዱ ሱቅ ያስነጠሰ ሰው ምርቃቱን ከሌላው ሱቅ ይቀበላል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ለይላ ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስትጎትት፣ ጎረቤቷ ዛራ ለአንዲት ደንበኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማች። ዛራ ድምጿን ዝቅ ባታደርግ ኖሮ ለይላም ጆሮዋን ባልሰጠቻት ነበር።

«የጃፈር ልጅ፣ ራጃ፣ ያቺ ቀጭኗ» ትላለች ዛራ። «የራጃ ሥዕል ዌስትላንድስ ተሰቅሏል አሉ። ፈረንጁ ሁሉ ወይኑን ይዞ እየዞረ ያየዋል። የእህቴ ልጅ ከሊድ በዓይኑ በብረቱ አይቶ ነው የነገረኝ።»

«ምን ዓይነት ሥዕል?» አለች ደንበኛዋ።

«እዚያ የሚሰቀለው ምን ዓይነት ነው ታዲያ? ራቁት ነዋ! ለብሳማ ብትሆን ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

ለይላ ከጎነበሰችበት ቀና አላለችም። ልጇ ራጃ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የሒሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «ዌስትላንድስ ኮምፒዩተር እማራለሁ» ብላ ከቤት መውጣት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዛሬም በማለዳ ወጥታለች። ከአባቷ ጋር ከተኳረፈች አራት ወር ሆኗታል። አንድ የሞያሌ ነጋዴ ለልጁ ሲጠይቃት «አልፈልገውም» አለች፤ የለይላ ባል ጃፈርም አላስገደዳትም፣ አልተቆጣትምም፣ ዝም አላት። ጃፈር እጁን የሚያነሣ ሰው አይደለም፤ ዝምታው ግን ከዱላ ይብሳል። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ደሴ ባለች አንዲት ሱቅ ሰበብ ተኳርፎ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ወንድሙ ሞተበት። ለይላ ያን ቀን መርዶውን ሰምቶ ቁጭ ሲል ያየችውን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ደግሞ ያው ዝምታ ወደ እሷም ዞሯል። እራቱን ነካ ነካ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ዓርብም እንዲሁ። ሥራው ላይ ችግር ገጥሞት ነው ብላ ነበር። አሁን ገባት። ሰምቷል ማለት ነው።

ምን እንደምታደርግ ሳታስበው የጨርቅ መቁረጫውን መቀስ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሄዳ ታወርደዋለች፤ አላወርድም ካሏት ትቀደዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ ይምጣ። ጃፈር ዛሬ ከሞምባሳ የመጣ ዕቃ ሲያራግፍ ስለሚውል ሱቁን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም። በዚያ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲወጣ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ነው። ለይላም ወጥታ ዛራ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ፊቷን እንደምንም አሰባስባ «አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ፤ ሱቁን እይልኝ» አለቻት።

«አብሽሪ የኔ እህት፤ ሂጂ፣ እኔ አለሁልሽ» አለች ዛራ፣ ከልቧ። ክፉ ሴት አይደለችም። ባለፈው ዓመት ለይላ ወባ ይዟት ስትተኛ ለዘጠኝ ቀን ሾርባ ያመላለሰችላት እሷ ናት።

ከታች መንገዱ ላይ፣ የሌሊቱ ዝናብ የተወውን ጭቃ በጠርዙ እየረገጠች፣ ለከሊድ ደወለችለት። ከሊድ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ዌስትላንድስ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ አማርኛው እንደ ማታቱ፣ እንደ ናይሮቢ ሚኒባስ ነው፣ በየቦታው እየቆመ ሌላ ይጭናል። «ያ… ሥዕል የሚሰቀልበት ቤት የት ነው?» አለችው። ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር፤ ምላሷ እምቢ አላት።

«ኦ፣ አንቲ ለይላ! ራጃ ነገረችሽ? ከሳሪት ሴንተር ጀርባ ነው፤ ቢግ የሆነ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ስትሬት ሂጂ። ኢትስ ሶ ናይስ፣ ወላሂ!»

ናይስ ማለቱ አንገበገባት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በስድስት ቁጥር ማታቱ ሃያ ሽልንግ ከፍላ ከተማ ወረደች፤ ከዚያ በእግሯ አቋርጣ ወደ ዌስትላንድስ የሚሄደውን ያዘች። ማታቱ ሁሉ ቢጫ መስመር ከተቀባና ቀበቶ ከተገጠመለት ሁለት ዓመቱ ነው፤ የእሷ ወንበር ቀበቶ ግን ማያያዣው ስለተሰበረ ኮንዳክተሩ «ፖሊስ ስታዪ በእጅሽ ያዢው» ብሏታል። በሙዚየሙ አደባባይ መኪናው ተቆላልፎ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ለይላ ቀበቶውን በአንድ እጇ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዛ ልጇን ታስባለች። ሕፃን ሳለች ሞያሌን በጀርባዋ አዝላ ያሻገረቻትን፤ ትምህርት ቤት በገባች በሳምንቷ ስዋሂሊ ስትናገር ሰምታ የደነገጠችውን። መቼ ነው ይህቺ ልጅ የማላውቃት ሰው የሆነችው? ማን ፊት ነው የቆመችው? ወንድ ነው? አስገድዷት ይሆን? ይህ የመጨረሻው ሲመጣባት ንዴቷ ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ከፊቷ ያለውን ወንበር ግጥም አድርጋ ያዘች፤ ማታቱው ከቆመበት አልነቃነቅ አለ። ናይሮቢ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ዌስትላንድስን ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዴ ጥርሷን ስትነቀል፣ አንዴ ለሠርግ።

ጋለሪ የተባለው የሥዕል ማሳያ ቤት ድሮ የሀብታም ሰው መኖሪያ የነበረ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ነጭ የተቀባ ግቢ ነው። ጥበቃው ቦርሳዋን ፈትሾ መቀሱን አወጣ፤ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እሷን አየ። «ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ማማ?» አላት። «ጨርቅ ነጋዴ ነኝ» አለችው። «ስትወጪ ትወስጃለሽ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መግቢያው ስንት እንደሆነ ስትጠይቀው ሳቀ። «ቡሬ ነው» አላት፤ ነፃ። ለይላ ነፃ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ማንም መንገደኛ ገብቶ ያያታል ማለት ነው።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ወለሉ በሰም የተወለወለ እንጨት ስለሆነ ጭቃ የነካ ጫማዋን አውልቃ ልትይዘው ቃጣት፤ ጫማ ያወለቀ ሌላ ሰው ስታጣ ተወችው። በመጀመሪያው ክፍል ከተቆራረጠ የመኪና ብረት የተሠራ አሞራ ቆሟል። ግድግዳው ላይ በቀይና በጥቁር የተሞላ፣ ምኑም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሥዕል አለ፤ ከጎኑ በተለጠፈችው ወረቀት አርባ አምስት ሺህ ሽልንግ ተጽፏል። በሌላ ቀን ቢሆን ዋጋውን አይታ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። የማታቱ ሥዕል አለፈች፤ የዝናብ አለፈች፤ ሁለት ፈረንጆች እየተንሾካሾኩ የሚያዩትን የፍየል ሥዕል አለፈች። ሁለተኛው ክፍል ስትገባ ከበሩ ፊት ለፊት አገኘችው።

ከወገቧ በላይ ራቁቷን የሆነች፣ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ናት። ፊቷ አይታይም። አንገቷ ረጅም ነው፤ ጸጉሯ ወደ ላይ ተይዟል፤ ልክ ራጃ ስትታጠብ እንደምታስረው። ለይላ እዚያው ቆማ፣ ዓይኗን ልትመልስ ፈልጋ፣ መመለስ አቃታት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ ሥዕሉ ተጠጋች፤ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች። ራጃ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የፈላ ወተት ተደፍቶባት ግራ ትከሻዋ ላይ የመዳፍ ያህል ጠባሳ አለባት። ቁስሉን ለሁለት ወር በማር እየቀባች ያዳነችው ለይላ ናት፤ የጠባሳውን ቅርጽ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። የሥዕሉ ልጅ ግራ ትከሻ ለስላሳ ነው፣ ምንም የለበትም። «አልሀምዱሊላህ» ልትል አፏን ስትከፍት ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ሠዓሊ እኮ ያልፈለገውን መተው ይችላል። ጠባሳዋን ቢተወውስ?

«ካሪቡ፣ ማማ» አላት ከኋላዋ ድምፅ። መነጽር ያደረገች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ናት። ስሟ ሙምቢ መሆኑን፣ ጋለሪውን የምትቆጣጠረው እሷ መሆኗን ነገረቻት። ለይላ ስዋሂሊዋ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ለዋጋ፣ ለሜትርና ለክርክር ይበቃታል፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል አልነበራትም። ጣቷን ወደ ሥዕሉ ቀስራ «ይህቺ ማናት?» አለች።

«የሠዓሊው ሚስት ናት። የኪሱሙ ሰዎች ናቸው፤ ለመክፈቻው ቀን አብረው መጥተው ነበር» አለች ሙምቢ። «ወደድሽው?»

ለይላ የያዘችውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀችው። ግን ገና ናት፤ ሌላ ክፍል አለ። «የራጃን ሥዕል ነው የምፈልገው» አለች።

የሙምቢ ፊት በራ። «የራጃን? ነይ፣ ነይ፣ እሱ ከኋላ ነው፤ ግድግዳው ስላልበቃው ትልቁን ክፍል ሰጠናት» ብላ እጇን ይዛ መራቻት። ሰጠናት የሚለው ቃል ለይላ ጆሮ ላይ ደረሰ፤ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። የኋለኛውን ክፍል በር ሲያልፉ መጀመሪያ ያወቀችው ጨርቁን ነው። አቡጀዲ ነው፤ የእሷው ሱቅ አቡጀዲ፤ ያለ ፍሬም እንዲሁ በሚስማር የተመታ፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የለካ ዓይን አይስትም። ቀጥሎ ያወቀችው ቦታውን ነው። የሕንጻቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ መተላለፊያው፣ ከጣሪያው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰበው የመብራት ሽቦ፣ ሱቅ ከሱቅ የተደገፉት ጣቃዎች፣ ደረጃው። ከዚያ ደግሞ መሐል ላይ፣ ከሁሉም ገዘፍ ብላ፣ ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ አረንጓዴ ጨርቅ በክንዷ የምትለካ ሴት። ሻርፗ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ የጆሮ ግንዷ ላይ ሽበቷ ይታያል። እግሯ በላስቲክ ጫማ ውስጥ አብጧል። አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ የተነቀለው ጥርሷ ክፍተትም ሳይቀር አለ።

ለይላ እዚያ ሥዕል ውስጥ ካለችው ሴት ጋር ተፋጠጠች። እንዲህ እንደምትስቅ አታውቅም ነበር። በመስታወት ፊት የሚስቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ፊቷን የምታውቀው ተኮሳትሮ ነው። ይህቺ ሴት ግን ደክሟታል፣ እግሯን አሟታል፣ ትስቃለች። የሣለቻት ሰው ብዙ ቀን፣ ምናልባት ብዙ ዓመት፣ ዝም ብላ ስታያት ኖራለች ማለት ነው። «ራጃ… ናት የሣለችው?» አለች ለይላ። ሙምቢ ግራ ተጋብታ «አዎ፤ የራጃ ሥዕል አላልሽኝም?» አለቻት። ለይላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የራጃ ሥዕል። ከሊድ ያለው ይህንን ነበር፤ የራጃ የእጅ ሥራ። ዛራ ናት በራሷ ሐሳብ ልብሷን ያወለቀቻት። ቀና ስትል ደግሞ ዛራን እዚያው ሥዕሉ ውስጥ አገኘቻት፤ ከጎረቤት ሱቅ፣ አንገቷን ወደ ጣውላው ዘንበል አድርጋ፣ ጆሮዋ ከልኩ ትንሽ ተልቆ። ለይላ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እየጮኸች ሳቀች፤ ፈረንጆቹ በበሩ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ እንባ ዞረባት፤ ሙምቢ ውሃ ልታመጣላት ሮጠች።

ውሃውን እየጠጣች ሥዕሉን እንደገና ከዳር እስከ ዳር አየችው። በቀኙ ጫፍ፣ ደረጃው ላይ፣ ጣቃ በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አለ። ጎበጥ ያለው ወገቡ፣ ኮፍያው፣ አንዱን እግሩን የሚጎትትበት ነገር፤ ጃፈር ነው። ፊቱ ግን የለም። ራጃ አባቷን ከጀርባው ብቻ ነው የሣለችው። ለይላ ያን ጊዜ ከሳቋ ሁሉ በረደች። ጃፈር ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ሙምቢ አንድ ትልቅ መዝገብ ይዛ መጣች። የጎብኚዎች መዝገብ ነው። «ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አለች። «ኮፍያውን አውልቆ አሁን አንቺ ካለሽበት ቦታ ቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። ሻይ ብለው እምቢ አለ፣ ወንበር ብለው እምቢ አለ። ሲወጣ ይህን ጻፈልን፤ ማናችንም ማንበብ አልቻልንም። ራጃን ልጠይቃት ስል ረሳሁት። የናንተ ፊደል ነው አይደል?»

በእንግሊዝኛ ጽሑፎች መካከል፣ መስመሩን ለቆ ወደ ላይ የወጣ፣ የታወቀ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለይላ ለሃያ ሁለት ዓመት በየጣቃው ላይ ስታነበው የኖረችው ጽሑፍ። «ጃፈር ሙዘሚል። የራጃ አባት ነኝ።» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

«ምን ይላል?» አለች ሙምቢ።

«ሚሚ ኒ ባባ ያኬ ራጃ» አለቻት ለይላ በስዋሂሊ። «አባቷ ነኝ ይላል።»

ሙምቢ መንገዱን አሳየቻት፤ ራጃ ከግቢው ጀርባ፣ ድሮ የመኪና ማቆሚያ በነበረው ክፍል ውስጥ ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኗል። እናቷን በሩ ላይ ስታይ ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። «እማ፣ አይ ካን— ላስረዳሽ እችላለሁ» አለች፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። ለይላ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀችው ቁጣ ነበራት፤ ከእሱ ውስጥ እውነት የሆነውን ብቻ አወጣች። «አንድ ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ» አለቻት። «ኮምፒዩተር እያልሽ። እኔ ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ ያ አላህ ኮምፒዩተሩን አቅልልላት እያልሁ!» ራጃ ልትስቅም ልታለቅስም ፈልጋ አንዱንም አልቻለችም። «ብነግርሽ ለአባ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነው። እሱ ደግሞ…» አለችና ቆመች። ለይላ መዝገቡን ይዛው ነው የመጣችው፤ ገልጣ አቀበለቻት። ራጃ አማርኛ ስታነብ በጣቷ እየተከተለች ነው። ጣቷ ሰማያዊ ቀለም እየተወ በአባቷ ስም ላይ አለፈ፣ በቀሩት ሦስት ቃላት ላይ አለፈ፤ ከዚያ ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

አብረው ወጡ። ጥበቃው መቀሱን ሲመልስላት ራጃ «ይሄ ለምንድን ነው?» አለች፤ ለይላም «ዝም ብለሽ ሂጂ» አለቻት። ሱቃቸው ሲደርሱ ዛራ ሦስት ሜትር ከንቲባ የሚባለውን ጨርቅ ሸጣላቸው ጠበቀቻቸው፤ ራጃን ከእግሯ እስከ ራሷ እየቃኘች ነበር። «እሑድ ነገ ነው አይደል?» አለቻት ለይላ። «ሥዕሉን ሄደሽ እዪው። አንቺም አለሽበት።» የዛራ ፊት ደም ሲሸሸው አይታ፣ ትንሽ አስጨንቃ ልትተዋት አሰበች፤ ከዚያ ሾርባው ትዝ አላት። «ለብሰሽ ነው፤ አብሽሪ» አለቻት።

ጃፈር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ልብሱ በአቧራ ነጥቶ ገባ። ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ወደ መኝታው ሊያልፍ ሲል ለይላ መንገዱ ላይ ቆመችበት። «ዛሬ ዌስትላንድስ ነበርኩ። መዝገቡን አየሁት» አለችው። «ለምን አልነገርከኝም?»

ጃፈር ኮፍያውን አወለቀ፤ በእጁ አዟዟረው። «አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እጅሽን ዘርግተሽ ቆመሽላት እንደዚያ ሣለችሽ። እናትና ልጅ ያውቃሉ፣ ከሊድ ያውቃል፣ መስጊድ ያለ ሰው ያውቃል። እኔ ነኝ በመጨረሻ የሰማሁት። እንደ ሌላ ሰው አድራሻ ጠይቄ ሄድኩ።»

«ወላሂ አልቆምኩላትም! እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ጃፈር አያት። ሦስት ቀን ያከበደው ነገር ከፊቱ ላይ ሲወርድ ለይላ በዓይኗ አየችው። «አልቆምሽላትም? በቃሏ ነው የሣለችሽ?» አለ። ከዚያ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ወደቆመችው ልጁ ዞረ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት፤ እስከ ክርኗ ሰማያዊ የሆነውን እጇን አየ። ጃፈር ብዙ ነገር ለመናገር የፈለገ መሰለ፤ የሚያውቀው ግን የጨርቅ ነገር ነው።

«ያ ቀለም» አላት፤ «ሲታጠብ ይለቃል?»

«አይለቅም፣ አባ» አለች ራጃ።

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይም አይለውጠውም።»

ጃፈር ራሱን ነቀነቀ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ጥቂት አሰበ። «አቡጀዲው ግን ስስ ነው» አለ። «ሚስማሩ ጋ መሳሳት ጀምሯል፤ ዓመት አይቆይልሽም። ወፍራም አለኝ፣ መጋዘን ከታች ነው። ነገ ነይና እናውጣው።»